አጭር ስምና ተከታዩ፤ የሁለተኛ ስም አመጣጥና የእኛ አገር ልማድ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ያገራችን ሰው። መልአክ ያወጣውን ስም በመዝገብ ላይ የሚያሰፍረው ግን ጸሐፊ ነው። የአንድ ሕፃን ስም በልደት ምስክር ወረቀት፣ በትምህርት ቤት መዝገብ፣ በፓስፖርት፣ ኋላም ዕድል ቢቀናው በመጽሐፍ ሽፋንና በቤተ መጻሕፍት ካርድ ላይ በምን ቅደም ተከተል እንደሚጻፍ የሚወስነው በአብዛኛው የሙያ ባልደረባችን የሆነ ሰው ነው። ስለሆነም ስለ ስም አመጣጥ ማወቅ ለማኅበራችን አባላት ትርፍ ዕውቀት ሳይሆን የዕለት ተዕለት ሥራችን አንዱ ክፍል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ጠባብ መስሎ የሚታይ ነው። ይኸውም ለወንድ ልጅ አጭር ስም ከወጣለት በኋላ ከዚያ ስም ቀጥሎ የሚቆመው ሁለተኛው ስም ከየት ይመጣል? ማንስ ይመርጠዋል? የሚለው ነው። በእንግሊዝና በአሜሪካ ይህን ጥያቄ የሚያነሡት ወላጆች ናቸው። ልጃቸውን ጃክ ወይም ማክስ ብለው ከሰየሙ በኋላ፣ የቤተሰቡም ስም አጭር ከሆነ፣ ሦስቱ ስሞች በተከታታይ ሲጠሩ እንዳይቆራረጡ በማሰብ ለመካከሉ እንደ አሌክሳንደር ወይም እንደ ቤንጃሚን ያለ ረዘም ያለ ስም ይፈልጋሉ። በእኛ አገር ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሁለተኛው ስም ልጁ ከመወለዱ በፊት የታወቀ ነው፤ የሚመረጠው የመጀመሪያው ነው። ይህ ልዩነት ከየት እንደ መጣና ዛሬ ምን እንደሚያስከትል ለመረዳት የታሪኩን ሂደት ባጭሩ መከተል ያስፈልጋል።

ከሮማውያን እስከ እንግሊዞች

በጥንታዊት ሮም አንድ ነፃ ዜጋ በተለመደው አጠራር ሦስት ስሞች ነበሩት። ማርቆስ ቱልዮስ ኪኬሮን ብንወስድ፣ ማርቆስ የግል ስሙ፣ ቱልዮስ የነገዱ ስም፣ ኪኬሮ ደግሞ በነገዱ ውስጥ ያለው የቤተሰቡ ቅርንጫፍ ስም ነው። የግል ስሞቹ ቍጥራቸው እጅግ ጥቂት ስለ ነበር በድንጋይ ጽሑፎች ላይ በጥቂት ፊደል ብቻ ይመለከቱ ነበር። ከዚህ የምንረዳው በሮማውያን ዘንድ አጭሩና ከብዙ ሰው ጋር የሚጋሩት የመጀመሪያው ስም ሲሆን፣ የሰውየውን ማንነት የሚለየው ተከታዩ እንደ ነበር ነው። የሁለተኛውን ስም ቦታ የያዘው ነገድ ነበርና ወላጆች እንደ ወደዱ ሊመርጡት አይችሉም ነበር።

የምዕራብ ሮማ መንግሥት ከወደቀ በኋላ ይህ ሥርዓት ፈረሰ። በመካከለኛው ዘመን አብዛኛው የምዕራብ አውሮፓ ሕዝብ በአንድ ስም ብቻ ይጠራ ነበር። ሰዉ በበዛና ግብርና ርስት በጽሑፍ መያዝ በተጀመረ ጊዜ ከሥራ፣ ከመንደር ወይም ከአባት የተወሰደ ተጨማሪ መጠሪያ አስፈለገ፤ ይህም እየቆየ የቤተሰብ ስም ሆነ። በግል ስምና በቤተሰብ ስም መካከል የሚገባው ሌላ ስም ከዚያ በጣም ዘግይቶ የመጣ ነው።

እንግሊዛዊው የታሪክ ሰው ዊልያም ካምደን እ.ኤ.አ. በ1605 ባሳተመው መጽሐፍ ሁለት የክርስትና ስም መያዝ በእንግሊዝ አገር ብርቅ መሆኑን ገልጾ፣ ትዝ የሚሉትን ጥቂት ሰዎች ብቻ ይጠቅሳል። ከነዚህም መካከል አንዱ ቶማስ ፖስቱመስ ሆቢ ነው። የዚህ ሰው አባት እ.ኤ.አ. በ1566 በፓሪስ ሲሞት ልጁ ገና አልተወለደም ነበር። ፖስቱመስ የሚለው የላቲን ቃል ትርጓሜውም አባቱ ከሞተ በኋላ የተወለደ ማለት ነው። እንግዲህ በእንግሊዝ ከታወቁት ቀደምት ሁለተኛ ስሞች አንዱ የመጣው ለድምፅ ማማር ተብሎ አይደለም። አንድን ሐዘን ለመመዝገብ ነው። ልጆቹን ምትኩና ካሳ እያለ የሚሰይመው ያገራችን አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ልማዱ በእንግሊዝ ከ18ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ከመሳፍንቱ ወደ ነጋዴውና ወደ ተራው ሕዝብ እየወረደ ሄዶ በ19ኛው መቶ ዘመን ተስፋፋ። ለመስፋፋቱም አንዱ ምክንያት ሴት ልጅ ስታገባ የአባቷን የቤተሰብ ስም መተዋ ነው። ያ ስም ፈጽሞ እንዳይጠፋ እናት ለልጇ ሁለተኛ ስም አድርጋ ትሰጠው ጀመር። በዚህ ረገድ ሁለተኛው ስም የጠፋውን የእናት ወገን መጠበቂያ ሆኖ አገልግሏል ለማለት ይቻላል።

በአሜሪካ መሪዎች ስም የታየው

የሁለተኛ ስም ታሪክ በግልጽ የሚነበበው በአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ስም ዝርዝር ላይ ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን፣ ጆን አዳምስና ቶማስ ጄፈርሰን ሁለተኛ የግል ስም አልነበራቸውም። ከመጀመሪያዎቹ 17 ፕሬዚዳንቶች መካከል ይህ ስም የነበራቸው ሦስት ብቻ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1767 የተወለደው ጆን ኵዊንሲ አዳምስ ነው። ኵዊንሲ የእናቱ አያት ስም ነው፤ አዛውንቱ ሕፃኑ በተወለደበት ሰሞን በሞት አፋፍ ላይ ስለ ነበሩ ስማቸው ለልጁ ተሰጠ። እዚህም ላይ ጆን የሚለውን አጭርና እጅግ የተለመደ ስም ከአባቱ ስም የለየው በመካከል የገባው ስም መሆኑን ልብ ይሏል። ልጁ ያለ ኵዊንሲ ቢቀር ኖሮ አባትና ልጅ፣ ሁለቱም ፕሬዚዳንት የነበሩ፣ በታሪክ መዝገብ ላይ አንድ ስም ይሆኑ ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ የጸሐፊ ብዕር ምን ያህል ኃይል እንዳለው የሚያሳይ ነው። 18ኛው ፕሬዚዳንት እ.ኤ.አ. በ1822 ሲወለድ የተሰጠው ስም ሃይረም ዩሊሲስ ግራንት ነበር። በ1839 ወደ ዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት እንዲገባ ያጨው የምክር ቤት አባል ቶማስ ሄመር ስሙን ዩሊሲስ ኤስ ግራንት ብሎ ጻፈው። ኤስ የሚለው ፊደል ሲምፕሰን ከሚለው ከእናቱ የቤተሰብ ስም የመጣ ነው ተብሎ ይታመናል። ወጣቱ ለማስተካከል ቢሞክርም መዝገቡ አሸነፈው፤ እስኪሞት ድረስም በዚያው ስም ተጠራ። አንድ የምክር ቤት አባል በአንዲት የዕጩ ደብዳቤ ላይ የጻፈው ስም በወላጅ የተሰጠውን ስም ሻረ ማለት ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ለርእሳችን ይበልጥ የቀረበ ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ሚዙሪ ውስጥ በላማር ከተማ አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ። ወላጆቹ በእናቱ ወንድም በሃሪሰን ስም አሳጥረው ሃሪ አሉት። ለሁለተኛው ስም ግን ከሁለቱ አያቶች ከአንደርሰን ሺፕ ትሩማንና ከሰሎሞን ያንግ የማንኛውን እንደሚሰጡት ለመቍረጥ ስላልፈለጉ፣ ሁለቱንም ለማስደሰት ኤስ የሚለውን አንድ ፊደል ብቻ አስገቡ። ፊደሉ ለሺፕም ለሰሎሞንም ያገለግላልና። ይህ ልጅ 33ኛው ፕሬዚዳንት ሃሪ ኤስ ትሩማን ነው። ያ ፊደል የምንም ቃል ምሕፃር ስላልሆነ ከአጠገቡ ነጥብ ይደረግ ወይስ አይደረግ የሚለው ክርክር የአሜሪካን አራሚዎች ለብዙ ዘመን አከራክሯል። ወላጆች ለሁለቱ አያቶች የነበራቸው አክብሮት በአንዲት ፊደል ተጨምቆ መቅረቱ፣ ሁለተኛ ስም በዚያ አገር የቤተሰብን ውለታ መክፈያ እንደ ነበረ በሚገባ ያመለክታል።

በኋላ ጊዜ ነገሩ ሥር ከመስደዱ የተነሣ በልዩ ልዩ ቅጾች ላይ ለመካከለኛ ስም የሚሆን ሣጥን መደበኛ ሆነ። ሁለተኛ ስም የሌለው ሰው በጦር ሠራዊቱ መዝገብ ላይ የመካከለኛ ስም የለውም የሚል ምልክት ይደረግለት ነበር። በዚህ ዓይነት እንደ ጌጥ የተጀመረው ነገር በመጨረሻ መሙላት የሚገባው ባዶ ቦታ ሆኖ ተገኘ።

የአባትን ስም በሁለተኛ ቦታ የሚያስቀምጡ ሕዝቦች

ዓለም ሁሉ ግን በዚህ መንገድ አልሄደም። በሩሲያ ሁለተኛው ስም የአባት ነው። ሌቭ ኒኮላዬቪች ቶልስቶይ ሲባል ኒኮላዬቪች የኒኮላይ ልጅ ማለት ነው። ሰውን በአክብሮት ለመጥራት የግል ስሙንና የአባቱን ስም አያይዞ መጥራት የሩሲያውያን ወግ ነው። በጥንት ዘመን «ቪች» የሚለውን ምዕላድ ከአባት ስም ጋር አያይዞ መጻፍ ንጉሡ ለመኳንንት የሚሰጠው ማዕረግ ነበር። በአይስላንድ ደግሞ አብዛኛው ሰው የቤተሰብ ስም የለውም፤ የእገሌ ልጅ ተብሎ ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1925 የወጣው ሕግም አዲስ የቤተሰብ ስም መያዝን ከልክሏል። የታተመው የስልክ ደብተራቸውም ይደረደር የነበረው በግል ስም ነው። በአረብ አገሮችም የግል ስምን፣ የአባትንና የአያትን ስም ማከታተል የቆየ ልማድ በመሆኑ፣ ወደነዚያ አገሮች ለሥራ የሚሄዱ ወገኖቻችን ስማቸውን ለማስመዝገብ የሚገጥማቸው ችግር በምዕራቡ ዓለም ከሚገጥማቸው ያነሰ ነው።

ሁለቱ ካሳዎች

በአገራችን ሁለተኛ ስም ያለውን አገልግሎት ለማስረዳት ከ19ኛው መቶ ዘመን ታሪካችን የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ካሳ ሁለት ፊደል ብቻ ያለው አጭር ስም ነው። በዚያ መቶ ዘመን ሁለት ካሳዎች ነገሡ። የመጀመሪያው ካሳ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ፣ ሁለተኛው ካሳ ምርጫ በጥር 1864 ዓ.ም. አጼ ዮሐንስ 4ኛ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ስመ መንግሥት ከመቀበላቸው በፊት ያለውን ታሪካቸውን የሚያነብ ሰው አንዱን ካሳ ከሌላው የሚለየው በአባታቸው ስም ነው። አጭሩ ስም የጎደለውን የአባት ስም ሞላው።

በዚያ ዘመን መለያው ይህ ብቻ አልነበረም። የፈረስ ስም አባ ታጠቅ ሲል ቴዎድሮስን፣ አባ በዝብዝ ሲል ዮሐንስን፣ አባ ዳኘው ሲል ምኒልክን ያስታውቃል። ከዚህም በላይ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ሲጠመቅ የክርስትና ስም ይሰጠዋል። ይህ ስም ብዙውን ጊዜ ለጸሎት፣ ለኑዛዜና ለፍትሐት የሚጠበቅ ሲሆን፣ አልፎ አልፎ ግን ወደ አደባባይ ይወጣል። ተፈሪ መኰንን በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ሲነግሡ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት በክርስትና ስማቸው ነው። እንግዲህ አንድ ሰው የእናት ስም፣ የክርስትና ስም፣ የፈረስ ስም፣ ሲነግሥም ስመ መንግሥት ሊኖረው ይችላል። ከነዚህ ሁሉ ግን አንዱም የአባቱን ስም ቦታ አይነጥቅም።

የአባት ስም ብቻውን የማይበቃበት ጊዜም አለ። በ20ኛው መቶ ዘመን ከታወቁት መሳፍንት አንዱ ልዑል ራስ ካሳ ኃይሉ በስምም በአባት ስምም ከአጼ ቴዎድሮስ ጋር አንድ ናቸው። ስለሆነም ወደ አያት መውጣት ግድ ይሆናል፤ ቴዎድሮስ ካሳ ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ ሲሆኑ፣ ራስ ካሳ ግን የኃይሉ ወልደ ኪሮስ ልጅ ናቸው። በውጭ ጸሐፊዎች መጻሕፍት ራስ ካሳ አንዳንድ ጊዜ ካሳ ኃይለ ዳርጌ ተብለው ይገኛሉ። ዳርጌ ግን የአባታቸው አባት አይደሉም፤ የእናታቸው አባት ናቸው። ይህን ያላወቀ የካርድ አዘጋጅ አንድን ሰው ሁለት ሰው አድርጎ ሊመዘግበው ይችላል።

በብዙ ያገራችን ክፍሎች ለጋብቻ ሲባል ዝምድና እስከ ሰባት ቤት ይቈጠራል። ልጅ የአባቱን ስም ሲይዝ የዚያን መሰላል የመጀመሪያ እርከን ይዟል ማለት ነው። ይህ ልማድ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ አንድ ነው። አሊ የሚለው ስም ከካሳ ባልተናነሰ አጭር ነው፤ አንዱን አሊ ከሌላው የሚለየውም የአባቱ ስም ነው።

ስም ከስም ጋር ሲገጥም

ከላይ እንደ ተመለከተው በእኛ አገር የሚመረጠው የመጀመሪያው ስም ነው። ስለዚህ «ለአጭር ስም የሚስማማ ሁለተኛ ስም የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ በእኛ አነጋገር «ለአባት ስም የሚስማማ የልጅ ስም የቱ ነው?» ይሆናል። አባቶቻችን ይህን ጥያቄ በጥበብ ሲመልሱት ኖረዋል።

የአማርኛ ስሞች ብዙዎቹ ግሥ ናቸው፤ አበበ፣ አየለ፣ በቀለ፣ ታየ፣ ተሰማ እንዲሉ። የአባት ስም ግሥ ከሆነ ልጁን ስም በሆነ ቃል መሰየም ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሰጣል። ተስፋ አበበ፣ ደስታ አየለ፣ ብርሃኑ ታየ ሲባል ባለቤቱ ቀድሞ ግሡ ይከተላል፤ የቋንቋው ሥርዓትም ይኸው ነው። የአባት ስም ዓለሙ ወይም ኃይሉ ከሆነ ደግሞ ልጁ ታደሰ ወይም በዛ ይባላል። ታደሰ ዓለሙ ሲባል ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥም መልእክቱ አይጠፋም። እንደዚህ ያለው አሰያየም የልጁንና የአባቱን ስም አንድ ሐሳብ ስለሚያደርጋቸው፣ አጭሩ ስም አጭር መሆኑ አይታወቅም፤ ለዓረፍተ ነገሩ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነውና።

የድምፅም ጉዳይ አለ። ለማ የሚባል ልጅ የአባቱ ስም ማሞ ቢሆን፣ ስሙ ባንድ ትንፋሽ ሲጠራ ሁለቱ «ማ»ዎች ይጋጠማሉ፤ የስልክ ተቀባይም ከሁለቱ አንዱን ውጦ ሊጽፈው ይችላል። አጭር ስም መርጦ የአባት ስም ከሚጀምርበት ፊደል የተለየ መጨረሻ እንዲኖረው ማድረግ ለጆሮም ለመዝገብም ይጠቅማል።

ሕጉና ልማዱ

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲወጣ በ32ኛው አንቀጽ ማንኛውም ሰው የቤተ ዘመድ ስም፣ አንድ ወይም ብዙ የግል ስምና የአባት ስም እንዳለው ደነገገ። በአስተዳደር ጽሑፎችም ላይ የቤተ ዘመድ ስም እንዲቀድም፣ የግል ስምና የአባት ስም እንዲከተሉ አዘዘ። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዴቪድ ነበሩና፣ የቤተሰብ ስም የሚለው የአውሮፓ ሐሳብ በዚህ መንገድ ወደ ሕጋችን ገባ። ሕዝቡ ግን አልተከተለውም። የግል ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም እያለ መጻፉን ቀጠለ። የወሳኝ ኵነት ምዝገባ በ2004 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 760 ተደንግጎ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በሥራ ላይ ሲውልም በተግባር የሚጻፈው ይኸው የስም፣ የአባትና የአያት ቅደም ተከተል ነው። ልማድ ከሕግ በልጦ የኖረበት ይህ ጉዳይ የሕዝቡን የስም ፍልስፍና ጽናት ያስረዳል።

ባሕር ማዶ

ችግሩ የሚከሠተው ስማችን በሌላ ሥርዓት ሣጥን ውስጥ ሲገባ ነው። ገብረ ማርያም፣ ኃይለ ሥላሴ፣ ወልደ ጊዮርጊስ የሚሉት ስሞች በግእዝ ሰዋስው ዘርፍና ባለዘርፍ ናቸውና አይነጣጠሉም። የባሕር ማዶ መዝገብ ግን ብዙ ጊዜ ገብረን የግል ስም፣ ማርያምን የመካከል ስም አድርጎ ይከፍላቸዋል። በዚህም ሰውየው «አገልጋይ» ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ የማን አገልጋይ እንደ ሆነ አይታወቅም። እንደዚሁም በውጭ ቋንቋ በተጻፉ የመጽሐፍ ዝርዝሮች ሐዲስ ዓለማየሁን «ዓለማየሁ» በሚለው ሥር መፈለግ የተለመደ ነው። ይህ ደራሲውን ትቶ አባቱን እንደ መጥራት ይቈጠራል።

በ1977 ዓ.ም. እና በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ለተጓዙት ቤተ እስራኤላውያን ደግሞ ነገሩ ከዚህም የጠለቀ ነበር። ለብዙዎቹ የዕብራይስጥ የግል ስም ተሰጣቸው፤ ከአባት ወይም ከአያት የተወሰደ ስምም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዘገበላቸው። ከነዚያ ልጆች አንዳንዶቹ ካደጉ በኋላ ወላጆቻቸው ወዳወጡላቸው ስም መመለሳቸው፣ የስም ነገር በቀላሉ እንደማይረሳ ያሳያል።

በአሜሪካ ለሚወለዱ ልጆች ወላጆች ዛሬ አጭር ስም መምረጥ ያዘወትራሉ፤ ለፈረንጅም ለሐበሻም አፍ ይቀላልና። ከዚያ ቀጥሎ የመካከል ስም ሣጥን ይመጣል። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ታደሰ የሚባል ሰው የአባቱ ስም ለማ ቢሆን፣ በዚያ አገር መዝገብ ለማ የቤተሰብ ስም ይሆናል። ልጁን ኖኅ ብሎ ለመካከሉ የራሱን ስም ቢሰጠው፣ ኖኅ ታደሰ ለማ ይሆናል። ይህ ያለ አንዳች ጉድለት የአገራችን ሥርዓት ነው። ኖኅ በተራው ዳዊትን ወልዶ ዳዊት ኖኅ ለማ ቢለው፣ ለማ ቅድመ አያቱ እንጂ አያቱ አይደለምና የታደሰ ስም ይዘለላል። ቢሆንም የእያንዳንዱ ልጅ አባት በመካከሉ ቦታ ስለ ተጻፈ፣ መዝገብ ለሚመረምር ሰው ሰንሰለቱ አይቈረጥም፤ ከዳዊት ወደ ኖኅ፣ ከኖኅ ወደ ታደሰ ይደርሳል። ልጁ ግን ለድምፅ ማማር ሲባል ዳዊት አሌክሳንደር ለማ ቢባል አባቱ ማን እንደ ሆነ ከስሙ ሊታወቅ አይችልም። ሰባት ቤት የሚያስቈጥረው መሰላል በመጀመሪያው እርከን ላይ ይሰበራል።

ከዚህ ላይ አሌክሳንደር የሚለውን ስም መንቀፍ የጽሑፉ ዓላማ አይደለም። የእናትን ወገን ለማክበር ወይም የክርስትናን ስም በአደባባይ ለማኖር የሚሻ ወላጅ መብቱ ነው፤ የብዙ አገር ሕግም ከአንድ በላይ የመካከል ስም መያዝን አይከለክልም። የሚያሳስበው ነገር ሣጥኑ ባዶ መስሎ መታየቱ ነው። ለእንግሊዙ ወላጅ ያ ቦታ በእውነት ባዶ ነው፤ ስለዚህ በዜማ፣ በውለታ ወይም በአንዲት ፊደል ይሞላዋል። ለእኛ ግን ቦታው ከልጁ መወለድ በፊት ባለቤት አለው።

የሙያ ባልደረቦቻችን በመስኮት በኩል ቅጽ ሲቀበሉ፣ የስም ዝርዝር ሲያዘጋጁ፣ ወይም ከባሕር ማዶ የመጣ ሰነድ ሲመዘግቡ ሦስት ነገሮችን ቢጠብቁ ብዙ ጥፋት ይድናል። አንደኛ፣ ጥምር የሆነውን የግእዝ ስም ሳይከፍሉ እንደ አንድ ስም ይጻፉት። ሁለተኛ፣ ኢትዮጵያዊውን በራሱ ስም እንጂ በአባቱ ስም ሥር አይደርድሩት፤ በሌላ ሥርዓት የተመዘገበ ከሆነ ማመላከቻ ካርድ ያስገቡለት። ሦስተኛ፣ ለአጭር ስም ተከታይ የሚፈልግ ወላጅ ምክር ሲጠይቃቸው አስቀድመው የአባቱን ስም ይጠይቁት። ካሳ ኃይሉና ካሳ ምርጫ በሁለት ፊደል ስም ተወልደው በታሪክ ሳይምታቱ የቀሩት፣ የጻፏቸው ሰዎች ያን ሁለተኛ ስም በቦታው ስላኖሩት ነው።